ወንድሜ ፓርቲውን የሚደግፈው ከልቡ ነው ወይስ ለሼዱ?

የአቶቴዋ፦
ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ትናንት ማታ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጣላን፤ በፖለቲካ። ነገሩ ከፖለቲካም ያለፈ ስለመሰለኝ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ እንጨት ሥራ ነው የሚሠራው። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ አንዳንዴ ሶፋ። በ2006 አካባቢ ተደራጅተው ሼድ ለማግኘት ሲሯሯጡ አንድ ሰው "የኢህአዴግ አባል ብትሆኑ ይፈጥንላችኋል" አላቸው። ሆኑ። ፈጠነላቸው። ያን ቀን ቤት መጥቶ "ፎርም ነው የሞላሁት እንጂ ሃይማኖት አልቀየርኩም" ብሎ ሲስቅ አስታውሳለሁ። አሁን ግን ዜና እያየን ትንሽ ነገር ከተናገርኩ ይቆጣል። ያኔ ስለ አብዮታዊ ዲሞክራሲ ሲከራከር የነበረ ሰው ኢህአዴግ ብልፅግና ከሆነበት ከ2012 ወዲህ ስለ መደመር በዛው ድምፅ፣ እጁን በዛው አኳኋን እያወናጨፈ ይከራከራል። በ2007 ምርጫ ያደሉት የንብ ምልክት ያለባት ቲሸርት ዛሬ የቫርኒሽ መጥረጊያ ናት። ከንቧ የቀረው ግማሽ ክንፍ ነው። በሷ አልጋ እየወለወለ ነው ስለ ብልፅግና አምፖል የሚሰብከኝ።

ይሄ ሰው አምኖ ነው ወይስ ሼዱን እንዳያጣ ፈርቶ? ልዩነቱን እሱ ራሱስ ያውቀዋል?

ባጃጅ 07፦
ምን ያጨቃጭቃል? ውሻ በበላበት ይጮሃል። አለቀ።

የድሮ ቃለ ጉባኤ ያዥ፦
ባጃጅ ወንድሜ፣ አላለቀም። እኔ እዛ ውስጥ ስለነበርኩ ልናገር።

እህቴ፣ በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ የኢህአዴግ አባላት 1 ሚሊዮን አይሞሉም ነበር። በ2000 ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ይሄ ሁሉ ሰው በ3 ዓመት ውስጥ ርዕዮተ ዓለም አንብቦ የተለወጠ ይመስልሻል? እኔ ከነዛ አንዱ ነኝ። ተመርቄ ሥራ ሳጣ ገባሁ። ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ስልኬ ላይ እባብ እጫወት ነበር። ከዛ ጽሕፈትህ ያምራል ብለው ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉኝ። የሌላ ሰው ንግግር በየሳምንቱ በራስሽ እጅ ስትጽፊ ቃሉ አፍሽ ላይ ይለምዳል፣ እውነት ነው። የለወጠኝ ግን እሱ አይደለም። አንድ ቀን አሞራ ገደል የዓሳ ሾርባ እየጠጣን የልጅነት ጓደኛዬ በሰው ፊት "ሆድ አደር" አለኝ። ለፓርቲው መጀመሪያ ከልቤ የተከራከርኩት የዛን ቀን ነው። ምን ልበል? ለደሞዝ ነው ብል ራሴን አዋረድኩ፤ ስለዚህ ለአገር ነው አልኩ። ሦስት አራት ጊዜ ስትደጋግሚው የራስሽ ሐሳብ ይሆናል። የገባሁት ለእንጀራ ነበር፣ ያመንኩት ግን ለክብሬ ስል ነው። ወንድምሽን በተናገርሽው ቁጥር እያጠነከርሽው እንዳይሆን።

ከታቦር ሥር፦
የኛ አገር ብቻ ደግሞ አይምሰላችሁ። ሜክሲኮ ውስጥ ፒአርአይ የሚባል ፓርቲ ስሙን እየቀያየረ ከ1929 እስከ 2000 ገዝቷል (ቁጥሩ በፈረንጅ ነው)፤ 71 ዓመት መሆኑ ነው። በ1938 ነዳጁን ከውጭ ኩባንያዎች ወርሶ ለመንግሥት አደረገ። ከ50 ዓመት በኋላ ይሄው ፓርቲ ቴሌውንና ባንኮቹን ለግል ሸጠ። እንግዲህ ግራ ነው ቀኝ? ገበሬው ግን ብድሩም ማዳበሪያውም የሚመጣው በዛው በር ስለሆነ መምረጡን ቀጠለ። ሐሳቡ ቢገለበጥም በሩ ያው ነው። የወንድምሽም ነገር፣ ከንብ ወደ አምፖል ሲሄድ በሩን አልቀየረም።

ግን ይሄ ድጋፍ ብዙ አያስተማምንም። እኛ አገር በ2007 ምርጫ ከ547 የፓርላማ ወንበር አንዱም ለተቃዋሚ አልደረሰም። ስድስት ወር ሳይሞላ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞው ፈነዳ። ያ ሁሉ መራጭ የት ገባ?

አባባ ሀይቅ ዳር፦
ልጆቼ፣ ይሄን ነገር እኛ ደጅ ጥናት እንለው ነበር። አባቴ ለአንድ የመሬት ጉዳይ ባላባት ደጅ ሁለት ክረምት ጠንቷል። ከዛ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ስለ ሰውየው ክፉ አይናገርም። ፈርቶ እንዳይባል ሰውየው ቀድመውት ሞተዋል፣ መሬቱንም የ1967ቱ አዋጅ ወስዶታል። "የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም" ይል ነበር። ስለዚህ ባጃጅ ልጄ፣ ውሻ ምናምን የሚለውን ተው። ውለታ መርሳት ነውር በሆነበት ቤት ያደገ ሰው ሼድ ተሰጥቶት እንዴት ዝም ይበል?

ደግሞ ሁሉም በሼድ አይደለም። ህዳር 10 ቀን 2012 ለሲዳማ ክልልነት ሕዝበ ውሳኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተሰልፌያለሁ። ምልክቶቹ ለክልልነት ሻፌታ፣ በነበርንበት ለመቆየት ደግሞ ጎጆ ነበሩ፤ ሻፌታ 98.5 በመቶ አገኘ። ያን ቀን ቲሸርት ቀርቶ አንድ ጠርሙስ ውሃ የሰጠኝ የለም፣ ጉልበቴን እያመመኝ ነው የቆምኩት። እሱ የማንነት ጉዳይ ነው። መሬት ይሸጥ አይሸጥ፣ ግብር ይጨመር ይቀነስ በሚለው እንደዛ የተሰለፈ ሰው ግን አላየሁም። የጠየቀንስ ማን አለ?

ባጃጅ 07፦
ይቅርታ አባባ። ሼድ ያላገኘነውስ? እኔ ሁለት ጊዜ ፎርም ሞልቻለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ወረፋ ጠብቅ ተባልኩ። ምኑን ልመን 😂

የአቶቴዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ሼዱ ድረስ ሄጄ የቃለ ጉባኤ ያዡን መልስ አነበብኩለት። መጥረጊያዋን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ በ2013 ማንን እንደመረጠ ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ለሚስቱም ጭምር። ድምፅ በሚስጥር ነው የሚሰጠው ብሎ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 38 ጠራልኝ፣ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው እንጃ። ማንን ነው አላልኩትም። ልወጣ ስል በር ላይ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የሼዱን ቁጥር አልጻፍሽም አይደል?" አለኝ።