የጋራ ሐሳብ ረቂቅ፦ በአጠቃቀም ልክ የምንከፍልባቸው መሣሪያዎች ወጪ በየትኛው የሒሳብ መደብ ይግባ?

ጸሐፊ፦
የማኅበራችን የዓይን ክሊኒኮች ሆይ፣ እንደ ወትሮው እያንዳንዳችሁ በክሊኒካችሁ ቦታ ስም ጻፉ። ሐምሌ 1 አዲሱ የሒሳብ ዓመት ይገባል፤ ለመሣሪያዎቹ አቅራቢ የምንልከው የጋራ ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ አልተጻፈም። ባለፈው ድርድር ምን እንዳሸነፈን አትረሱም። ሰውየው የሦስታችንን ሒሳብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ "እናንተ ራሳችሁ በወጪያችሁ አትስማሙም" አለን። የአንዱ የኦሲቲ (የዓይንን ውስጥ በብርሃን የሚያነሳው መሣሪያ) ክፍያ በኪራይ፣ የሌላው በጥገና፣ የሦስተኛው በልዩ ልዩ ወጪ ተመዝግቦ ነበር። ረቂቄ አጭር ነው። የምንከፍለው የመሣሪያው ቆጣሪ በቆጠረው ልክ ስለሆነ፣ ሁላችንም "የጠቅታ ክፍያ" የሚል አንድ መደብ እንክፈት፤ ከሌንስና ከፍሬም መግዣ ጎን፣ በቀጥታ የአገልግሎት ወጪ ሥር ይቀመጥ። የሦስት ወር ደረሰኝ ሰብስቦ የሚያጠናቅር ሰው እፈልጋለሁ።

ደሴ፦
እኔ አጠናቅራለሁ። እስከ ዓርብ ላኩልኝ።

ፒያሳ፦
"ጠቅታ" የሚለው ይውጣ። የግብር ኦዲተር መዝገቤን ገልጦ "የጠቅታ ክፍያ፣ 24,000 ብር" የሚል ሲያነብ የኢንተርኔት ቤት ያለኝ ይመስለዋል። የዓይን ምርመራ ነው የምንሠራው።

ሐዋሳ፦
ስሙ ይቆየንና ቁጥሩን እንይ። በእኔ ውል አንድ ምርመራ 400 ብር ነው፤ ብሠራም ባልሠራም የ60 ምርመራ እከፍላለሁ። ባለፈው ወር የሠራሁት 41 ነው። 24,000ን ለ41 ስታካፍሉት አንዱ ምርመራ 585 ብር ይወጣዋል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲገባበት 673 ይሆናል። የሕክምና አገልግሎት ከዚህ ታክስ ነፃ ስለሆነ ለአቅራቢው የከፈልኩትን ታክስ ከማንም አላካክሰውም፤ ወጪ ሆኖ እኔው ላይ ይቀራል። ታክሱን ለብቻው በሌላ መደብ የምትመዘግቡ ሁሉ ወጪያችሁን አሳንሳችሁ እያያችሁ ነው። ይህ ሁሉ በቀጥታ ወጪ ሥር ከገባ ደግሞ ታካሚ በጠፋበት ወር ምርመራው ራሱ የተወደደ ይመስላል። የተወደደብኝ ውሉ ነው።

ባሕር ዳር፦
ፒያሳ ልክ ናቸው፤ "ጠቅታ" አያምርም። "የምርመራ ክፍያ" ይባል።

ጎንደር፦
የምርመራ ክፍያ ማለት ታካሚው ለእኛ የሚከፍለው ነው። በገቢ በኩል ያለ ስም በወጪ በኩል ሲደገም ሒሳብ ሠራተኛዬ ሁለቱን ታጣፋቸዋለች። አምና አጣፍታቸው ሁለት ሌሊት አድረንበታል።

መገናኛ፦
"የአጠቃቀም ክፍያ"።

ባሕር ዳር፦
ውኃና መብራትም በአጠቃቀም ነው የሚከፈለው።

የሒሳብ ባለሙያ (ጸሐፊው የጋበዙኝ)፦
ስለ ስሙ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ መደቡ ግን ረቂቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅሏል። መሣሪያው የእናንተ ንብረት አይደለም፤ ስለዚህ በደንብ ቁጥር 410/2009 የሚፈቀደው የእርጅና ተቀናሽ አይመለከታችሁም። ገዝታችሁት ቢሆን በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 15 በመቶ ትቀንሱ ነበር። አሁን የምትከፍሉት ሁለት ዓይነት ገንዘብ ነው። የ60ው ክፍያ የማይቀር ነው፤ ክሊኒኩ ወሩን ሙሉ ቢዘጋም ይከፈላል፤ ጠባዩ ከቤት ኪራይ አይለይም። ከ60 በላይ ያለው ግን ታካሚ ወንበሩ ላይ ካልተቀመጠ አይመጣም፤ ቀጥታ ወጪ እርሱ ነው። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 16ም ይህንኑ ይለያል፤ በአጠቃቀም ልክ የሚለዋወጠው ክፍያ ከኪራይ ዕዳ ውጭ ሆኖ በወሩ ወጪ ይያዛል፣ የማይቀረው ዝቅተኛ ክፍያ ግን ዕዳው ውስጥ ይቆጠራል። በሁለት መስመር መዝግቡት።

ሐዋሳ፦
እኔም የምለው ይህንን ነው። የመጀመሪያው መስመር ብቻውን ከታየ፣ ዝቅተኛው 60 መሆኑ ትናንሽ ክሊኒኮችን እንዴት እንደሚገድል አቅራቢው በዓይኑ ያየዋል። ወደ 35 እንዲወርድ እንጠይቅ።

ፒያሳ፦
ሁለት መስመር ከሆነማ ሁለት ስም ሊወጣ ነው። አንዱንስ መች ጨረስን?

መገናኛ፦
አንድ ሳምንት ሙሉ በአንድ ቃል! አቅራቢው ገንዘባችንን ይቆጥራል፣ እኛ ፊደል እንቆጥራለን። ቃሉ ያልጣመው ሰው በራሱ መዝገብ የፈለገውን ይበል።

ፒያሳ፦
"በራሱ መዝገብ የፈለገውን ይበል" ከተባለ ይህ ውይይት ለምን ተከፈተ? ችግራችን ሁሉም የፈለገውን ማለቱ አልነበረም? ኦዲተር ፊት ቆሜ ለእያንዳንዱ መስመር መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያልተጣራ ስም ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ፊደል ቆጣሪ ሊለኝ አይገባም።

ጎንደር፦
ነገሩን ወደ ዕድሜ አታምጡት። ሁላችንም ደረሰኝ አለብን።

መገናኛ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ፤ በንዴት ነው የጻፍኩት። የእርስዎ የኦዲት ነገር እኔ ማኅበሩን ከመቀላቀሌ በፊት ስለሆነ አላወቅሁም።

ፒያሳ፦
አልፏል። "በአገልግሎት ልክ የሚከፈል የመሣሪያ ወጪ" ብትሉት እፈርማለሁ።

ጸሐፊ፦
ይህ ስም ይያዝ። ደሴ፣ ዓርብ አልፎ ማክሰኞ ሆነ። ሰባት ክሊኒኮች ደረሰኛቸውን ልከውልሃል። የት ደረሰ?

ባሕር ዳር፦
ደሴ እስኪመልስ አንድ ነገር ላንሳ። በረቂቁ "ምርመራ" የሚለው ምን ማለት ነው? አንድ ታካሚ ነው ወይስ አንድ ጊዜ መጫን? ትናንት ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ያለባቸው እናት መጡልኝ። አገጫቸውን አስደግፌ "አረንጓዴዋን ብርሃን ይመልከቱ" ስላቸው ብርሃኗን ራሷን አያዩዋትም። የመጀመሪያው ምስል ጥራት ከ10 ነጥብ 3 መጣ፤ ከ6 በታች የሆነውን ለግላኮማ ክትትል አላምነውም። ደገምኩት፣ 4። የብሌን ማስፊያ ጠብታ ጨምሬ ጠብቄ ደገምኩት፣ 5። በአራተኛው ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስ አምስተኛውን አነሳሁና 6 ሆነ። ቆጣሪው አምስት ቆጠረ፤ መብራት የቆረጠውን ጭምር። ከእናቲቱ የተቀበልኩት የአንድ ምርመራ ዋጋ ነው። አራቱ በየትኛው መደብ ይገባሉ?

ጎንደር፦
የእኔም እንዲሁ ነው! ለሽማግሌ ታካሚ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳልደግም ቀርቼ አላውቅም። እስካሁን የመሣሪያው ሕግ ነው ብዬ ዝም ብዬ እከፍል ነበር።

የሒሳብ ባለሙያ፦
መደቡ ቀጥታ ወጪ ነው፤ ግን ለብቻው "የተደገመ" ተብሎ ቢታይ ይሻላል። ታካሚ ከከፈለበት ምርመራ ጋር ተደባልቆ ከቆየ መቼም አታገኙትም።

መገናኛ፦
ደብዳቤው በዚህ ይጀምር። ከጥራት በታች የሆነና በመብራት የተቋረጠ ምስል አይቆጠርብን። ወርኃዊ የቆጣሪ ንባብም ታትሞ ይሰጠን።

ፒያሳ፦
እስማማለሁ። ይህንን እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ።

ሐዋሳ፦
ዝቅተኛው 60ስ? እኔ 41 ለሠራሁት ሰውዬ የተደገመ ቢቀነስልኝ ምን ይጠቅመኛል? 60ውን አሁንም እከፍላለሁ። ውይይቱ የተጀመረው ለእንደኔ ዓይነቱ ክሊኒክ ነበር።

ጸሐፊ፦
ልክ ነህ፤ ግን ሁለት ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ ካቀረብን ቀላሉን ሰጥቶ ከባዱን ይዘጋዋል። ዝቅተኛው ለሁለተኛ ደብዳቤ ይቆይ። መደቡን እያንዳንዱ ከሒሳብ ባለሙያው ጋር ይጨርስ። ፒያሳ ረቂቁን እስከ ሐሙስ ይልካሉ።

ሐዋሳ፦
ሁለተኛው ደብዳቤ መቼ እንደሚጻፍ ቀን ይቆረጥልኝ። ካልተቆረጠ በመጀመሪያው ላይ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦
ደሴ ደረሰኞቹን ሲመልስ ቀን እንቆርጣለን። የደሴን ስልክ የሚያነሳለት ካለ ይንገረኝ፤ ለእኔ አያነሳም።

ባሕር ዳር፦
ዛሬ ማታ ልዘጋ ስል ቆጣሪውን አነበብኩ። መሣሪያው ከገባ ጀምሮ 2,318 ይላል። የታካሚ መዝገቤ 1,967 ነው። በወር ከ60 ወርጄ ስለማላውቅ የ351ዱን እያንዳንዱን ከፍያለሁ፤ 140,400 ብር፣ ታክሱ ሳይጨመር። እናንተም ማታ ስትዘጉ ሁለቱንም ቁጥር አንብባችሁ እዚህ ጻፉ።

ጎንደር፦
1,204 እና 988።