ፈቃዴን የማሳድስበት ቀን ደረሰ፤ ጊዜ ከየት ላምጣ?

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመኖሪያ ፈቃዴን የማሳድስበት የመጨረሻ ቀን 12 ቀን ቀርቶታል። ደብዳቤው የደረሰኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ለጥፌ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ ከብቤዋለሁ። ጠዋት ከሥራ ስገባ ጫማዬን እያወለቅኩ አየዋለሁ፤ አይቼው እተኛለሁ። ሌሊት እሠራለሁ፣ በሳምንት ሦስት ከሰዓት ሌላ ሥራ አለኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኮርስ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ስልኩ ይጮሃል፤ ወንድሜ ነው፣ ብር ላኪልኝ ነው። ስሯሯጥ ውዬ ዋናው ነገር ሳይነካ ይመሻል። እናንተ የቱን አስቀድማችሁ የቱን ትተዋላችሁ? ኮርሱን ላቋርጠው?

የቆየ ሰው፦
አይዞሽ ልጄ፣ 12 ቀን ብዙ ነው። ለዓመታት ሰው ቅጽ ሲሞላ ሳግዝ ኖሬአለሁ። ብዙውን ሰው የሚያስፈራው ሥራውን ጠቅልሎ ማየቱ ነው። «ፈቃድ ማሳደስ» ብለሽ አትጻፊው። ፎቶ መነሳት፣ ከአሠሪ ደብዳቤ መጠየቅ፣ ቅጽ መሙላት፣ ቀጠሮ መያዝ ብለሽ ለያይው። ከእነዚህ ውስጥ ሌላ ሰው የሚሠራልሽን ዛሬውኑ አስጀምሪ። የአሠሪሽን ደብዳቤ ዛሬ ከጠየቅሽ፣ አንቺ ተኝተሽም ሥራው ይሄዳል። ካነማንና ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1979 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፉት ሰው ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሶ ይገምታል፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት የመሰለሽን ሁለት ሰዓት ያዢለት።
ሌላው፣ አስቸኳይና አስፈላጊ አንድ አይደሉም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1954 ባደረጉት ንግግር፣ የአንድ ኮሌጅ የቀድሞ ፕሬዚዳንትን ቃል ጠቅሰው ይህንኑ ተናግረዋል። የሚጮኸው ስልክ አስቸኳይ ይመስላል፤ በሩ ላይ ያለው ወረቀት ግን አይጮህም። ስልኩን ዝጊው።

ሁለት ልብ፦
ጋሼ፣ ምክርዎ ጥሩ ነው፤ ስልኩ ላይ ግን አልስማማም። እኔም ለፈተና እየተዘጋጀሁ ስልኬን ዘግቼ ነበር። ማታ ስከፍተው ከቤት አሥራ አንድ ጊዜ ተደውሏል። እናቴ ሆስፒታል ገብታ ስሜን ስትጠራ ውላለች። አሁን ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ቀን ግን የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ እየደወልኩ ማንም ሳያነሳ የቆየሁበትን ሰዓት አልረሳውም። ከአገር የወጣነው ለእነሱ ነው። የእነሱን ስልክ «አስቸኳይ እንጂ አስፈላጊ አይደለም» የምንል ከሆነ፣ የምንሮጠው ለማን ነው?

ቀን በቀን፦
እህቴ፣ የእናትሽ ነገር ልቤን ነክቶታል። ግን የእናት መታመምና የወንድም ብር ጥያቄ በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ወንድም ለአንድ ቀን ቢጠብቅ ምን ይሆናል? እኔ ለቤተሰቦቼ የምደውልበትን ቀንና የምልክበትን ቀን ነግሬያቸዋለሁ። መጀመሪያ ወር ተኮራረፍን፣ ኋላ ለመዱት። ለድንገተኛ ነገር የሚደውለው ታላቅ እህቴ ብቻ ናት፤ የእሷ ቁጥር ሌሊትም ይጮሃል።
ለጠያቂዋ ግን የምፈራላት እንቅልፏን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ ከፍ ይላል። የሁለቱን ሥራ ሰዓት ደምሪና እይው።

ሁለት ልብ፦
«ለመዱት» ማለት ተስፋ ቆረጡ ማለትም ሊሆን ይችላል። ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?

ቀን በቀን፦
ጠይቄያለሁ። አባቴ «አሁን ስትደውዪ ትሰሚናለሽ» ነው ያለኝ። ድሮ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ፣ ልብስ እያጠብኩ፣ ግማሽ ጆሮዬን ሰጥቼው ነበር የማወራው።

የሌሊት ፈረቃ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአሠሪ ደብዳቤውን ዛሬ ጠየቅኩ፤ ሐሙስ ይደርስልሻል አሉኝ። ፎቶውንም ከፈረቃ ስወጣ ተነሳሁ፣ ዓይኔ ቀልቶ ቢታይም ይቀበሉታል ብዬ ነው። ሰዓቱን ደመርኩት፣ 61 መጣ። ለወንድሜ የምደውልበትን ቀን ልነግረው ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ መለስኩት። የኮርሱን ነገርስ ምን ትላላችሁ?

የቆየ ሰው፦
ጎበዝ! ሁለት ልብ፣ ስለ ስልኩ የተናገርኩት ቸኩዬ ነው። ግን ሰው ተኝቶ ሳለ...

ሁለት ልብ፦
ጋሼ፣ እንቅልፉን አልተቃወምኩም። የተቃወምኩት «ዝጊው» የሚለውን ነው።