ሳዑዲ ላይ ነዳጁ ያለፓምፕ ይወጣል ቴክሳስ ላይ ግን ለምን ይሳባል?

በረከት_ደማም፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ስለነዳጅ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ አስረዱኝ። እኔ ሳዑዲ ምስራቁ በኩል ሹፌር ነኝ፣ ከሁፉፍ ወደ ደማም እቃ ሳመላልስ በዓለም ትልቁ የሚባለው የነዳጅ ሜዳ ገዋር አጠገብ ነው የማልፈው ግን የማየው ቱቦና አጥር ብቻ ነው። ቴክሳስ ያለው ወንድሜ ደሞ በቪዲዮ ሲያሳየኝ መንገዱ ዳር ሁሉ ያ ወደላይ ወደታች የሚለው ትልቅ ብረት ነው። ሁለቱም ነዳጅ ነው አይደል? ታዲያ እዛ በፓምፕ እዚህ ያለፓምፕ ለምን ሆነ? ከስር ያለው ሀይቅ ነው ወይስ ምንድነው?

ሄለን_ጂኦ፦
ወንድሜ ሀይቅ የሚባል ነገር የለም። ነዳጁ ያለው ድንጋይ ውስጥ ነው፣ በአይን በማታያቸው ቀዳዳዎች። ገዋር ላይ ድንጋዩ አረብ ዲ የሚባል የኖራ ድንጋይ ነው፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባህር ውስጥ የተጠራቀመ፣ አሁን 2 ኪሎሜትር አካባቢ ከመሬት ስር ነው ያለው። ነዳጁ ግን እዛ አይደለም የተፈጠረው፣ ከስር ካለ ሌላ ድንጋይ በሙቀት በስሎ ወጣና ከውሃ ስለሚቀል ወደላይ ሲሄድ አንሃይድራይት የሚባል ምንም የማያሳልፍ ንብርብር አስቆመው፣ ድንጋዩ ደሞ ወደላይ ጎበጥ ብሎ ስለታጠፈ እዛው ታቆረ። ርዝመቱ 280 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ስትነዳ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብህ አስበው!

ላብ ውስጥ ከጉድጓድ የወጣ ድንጋይ (ኮር እንለዋለን) ብታይ ደስ ይልሃል። ደረቅ አሸዋ ድንጋይ ላይ የውሃ ጠብታ ስታደርግ ወዲያው ይመጠዋል፣ ሼል (ከጭቃ የተሰራ ደቃቅ ድንጋይ) ላይ ግን ጠብታው እዛው ቁጭ ይላል። ቀዳዳ መኖሩ ብቻም አይበቃም፣ እርስበርስ ካልተገናኙ ነዳጁ እያለ አይወጣልህም። ምዕራብ ቴክሳስ ላይ ብዙው ድንጋይ እንደዛ በቀላሉ የማያሳልፍ ስለሆነ ነው በሀይለኛ ግፊት ውሃና አሸዋ እየከተቱ የሚሰነጥቁት።

ተክሌ_ጉድጓድ፦
ሄለን ድንጋዩን በደንብ አስረድታሃለች፣ እኔ ግፊቱን ልጨምር ምክንያቱም የጥያቄህ መልስ እዛ ላይ ነው። 2 ኪሎሜትር ጥልቀት ላይ የውሃ ግፊት ወደ 200 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ይሆናል፣ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ነዳጅም መጀመሪያ ላይ በዛው አካባቢ ነው የሚሆነው። ጉድጓዱ እስከ ላይ በነዳጅ ቢሞላ ግን ነዳጅ ስለሚቀል ወደታች የሚጫነው 160 ባር ገደማ ነው፣ ስለዚህ 40 ባር ትርፍ አለህ፣ እሱ ነው ገፍቶ የሚያወጣው። ውስጡ የሟሟው ጋዝም ወደላይ ሲመጣ ለስላሳ ስትከፍት እንደሚሆነው አረፋ ይሆንና ያቀለዋል። እያወጣህ ስትሄድ ግን የድንጋዩ ግፊት ይወርዳል፣ ትርፉ ሲያልቅ ጉድጓዱ ይቆማል፣ ነዳጁ ግን አብዛኛው እዛው ስር ነው! ያን ጊዜ ነው ፓምፕ የሚተከለው። ወንድምህ ከሚያያቸው ውስጥ በቀን 15 በርሜል እንኳ የማይሞሉ ሞልተዋል።

ገዋር ላይ ደሞ ከባህር ዳር ከቁራያ የታከመ የባህር ውሃ በቱቦ እየመጣ በሜዳው ጠርዝ በኩል ወደ ድንጋዩ ይገባል፣ ውሃው ነዳጁን ወደ መሀል ይገፋል ግፊቱንም ይይዘዋል። ያየኸው ቱቦ ሁሉ ነዳጅ የሚወስድ እንዳይመስልህ። ፓምፕ የሚያስፈልግበት ቦታም ብዙ ጊዜ ፓምፑ ኤሌክትሪክ ሆኖ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚገባ ከላይ አይታይም።

በረከት_ደማም፦
ወይ ጉድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ውሃው ግን ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ አይወጣም?

ተክሌ_ጉድጓድ፦
ይወጣል እንጂ፣ ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነው። ውሃ ከባድ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ሲበዛ ያ 160 ያልኩህ ወደ 200 እየተጠጋ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ውሃ የሚያመጣውን ክፍል በሲሚንቶ ይደፍኑታል፣ ወይ ቫልቩን ጠበብ አድርገው ቀስ ብለው ያወጣሉ። ቸኩሎ የሚያወጣ ሰው ውሃውን ራሱ ነው የሚጠራው።

ምህረት_አዲስ፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ የኛስ? በ2010 ሰኔ ላይ ሶማሌ ክልል በቀን 450 በርሜል የሙከራ ምርት ተጀመረ ተብሎ ስንት ጨፈርን እኮ።

ሄለን_ጂኦ፦
ምህረትዬ የሙከራ ምርት ማለት ለመሸጥ ሳይሆን ለማወቅ ነው። ጉድጓዱን ከፍተሽ ታፈሻለሽ፣ ከዛ ትዘጊና ግፊቱ በምን ፍጥነት እንደሚመለስ ትለኪያለሽ። ቶሎ ከተመለሰ ድንጋዩ በደንብ ያሳልፋል ማለት ነው፣ ወደ ድሮው ሳይደርስ ዝቅ ብሎ ከቀረ ደሞ ነዳጁ ያለበት ኪስ ትንሽ ነው። 450 በርሜል 72 ሺህ ሊትር ገደማ ነው፣ ለቦቴ ያህል ሁለት ቢሆን ነው፣ ለብቻው ቧንቧ አያስዘረጋም። እዛው ሶማሌ ክልል ካሉብ የሚባለው ሜዳ ላይ ያለው ዋናው ሀብት ግን ጋዝ ነው፣ አዲግራት አሸዋ ድንጋይ ውስጥ፣ አዎ ትግራይ ላይ ገደል ሆኖ የምናየው ድንጋይ እዛ ከ2 ኪሎሜትር በላይ ተቀብሯል። ጋዝ ደሞ ራሱ እየተለጠጠ ስለሚወጣ ከነዳጅ በጣም የተሻለ ድርሻው ይወጣል፣ ችግሩ ከጉድጓዱ አፍ በኋላ ወደ ገበያ ማድረሱ ነው።