‹ባላገር› እና ‹ቆቱ› በድራማ ጽሑፍ ውስጥ፦ የቱ ያልፋል፣ የቱ ይወጣል?

አራሚ

ሰላም ለቤቱ። ድሬዳዋ ላይ የሚካሄድ የሬዲዮ ድራማ ጽሑፍ እያረምኩ ሁለት ቃል ላይ ቆምኩ። ትዕይንቱ መጋላ ገበያ ነው። ጨርቅ ነጋዴው፣ ከገጠር ወተት ይዛ መጥታ ደጁ ላይ የተቀመጠችን ሴት «ተነሺ አንቺ ባላገር፣ መንገዱን ልቀቂ» ይላታል። ወዲያው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «ቆቱ እኮ እንዲህ ነው» ይላል።

ደራሲው «ሁለቱም ገበሬ ማለት ነው፤ ገበሬ መባል ከመቼ ወዲህ ነው ስድብ የሆነው?» ይላል። አዘጋጇ ደግሞ ሁለቱም ይውጡ ባይ ናት። እኔ የምፈልገው፦ ሁለቱ ቃላት ክብደታቸው እኩል ነው ወይ? አንዱ ቢቀር በምን ሁኔታ ይቅር? የሚወጣውስ በምን ይተካ? ቁም ነገሩን ለይታችሁ ብትነግሩኝ።

ቃል ለቃሚ

እኩል አይደሉም። ከቀላሉ ልጀምር።

ባላገር ‹ባለ› እና ‹አገር› ነው፤ አገር ያለው፣ የአገሩ ሰው። አሠራሩ ልክ እንደ ባላባት ነው፤ ባላባት ባለ አባት ነው፣ ስሙ የሚጠራ አባት ያለው። በድሮው አነጋገር ባላገር የሚባለው ከወታደሩና ከቤተ መንግሥት ሰው የሚለየው፣ መሬት እያረሰ ግብር የሚከፍለው ነዋሪ ነበር። ጎጃም ወይም ወሎ ገጠር ውስጥ አንድ ሰው ዛሬም «እኔ ባላገር ነኝ» ቢል ራሱን ዝቅ ማድረጉ አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚለው።

ምሥራቅ ላይ ግን ቃሉ ተጣመመ። በጥር 1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ሐረርን ሲይዙ ብዙ መሬት ለሹምና ለወታደር ተሰጠ፣ አራሹ ገባር ሆነ። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ‹ባለ አገር› የተባለው ሰው አገሩ በሌላ ሰው እጅ የሆነበት ሰው ነው። ስሙ ‹ያለው› ይላል፣ ኑሮው ግን ‹የሌለው›። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አድርጎ ጭሰኝነትን ሲሽር ገባርና ጭሰኛ የሚሉት ቃላት ሥራቸውን አጥተው ወደ ታሪክ ገቡ። ባላገር ግን ከተማ ውስጥ ሌላ ሥራ አገኘ፦ ልብሱ፣ አነጋገሩ፣ አረማመዱ ከተማ ያልለመደ ማለት ሆነ።

አሁን ጽሑፍህ ላይ እንዴት እንደምትለየው። ቃሉን አውጥተህ ‹ገበሬ› አስገባበት። «ባላገሩ ዘንድሮ ዝናብ አጥቷል» የሚለው «ገበሬው ዘንድሮ ዝናብ አጥቷል» ቢሆን ምንም አይጎድልበትም፤ ስለዚህ ገለጻ ነው፣ ይለፍ። «ተነሺ አንቺ ባላገር» ግን «ተነሺ አንቺ ገበሬ» ሲሆን መርዙ ይቀንሳል፤ የቀነሰው መርዝ ነው ስድቡ። ሌላው ምልክት የቃሉ ቦታ ነው። ከ‹አንተ› ወይም ከ‹አንቺ› ቀጥሎ ሲመጣ፣ ወይም ‹እንደ› ሲቀድመው («እንደ ባላገር አትፍጠጥ»)፣ ወይም ‹እንዴ?› ሲከተለው («ባላገር ነው እንዴ?») ሁልጊዜ ይዋጋል። ከዕቃ ጋር ሲሄድ ደግሞ ይገለበጣል፤ ‹የባላገር ቅቤ› ሙገሳ ነው፣ ሻጩም ዋጋ የሚጨምርበት።

በነገራችን ላይ ማሞገሻውም የቦታ ስም መሆኑን አስተውሉ። አራዳ አዲስ አበባ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለ የድሮ የገበያ ሰፈር ነው፤ እዚያ የሚውለው ሰው ነቄ ነው ተባለና የሰፈሩ ስም የብልጥ ሰው ስም ሆነ። ሰው በሚውልበት ቦታ መለካት በኛ ቋንቋ የቆየ ልማድ ነው።

ደቻቱ ማዶ

አቦ፣ አታክብዱት። አዘጋጇ እንዳለችው ካደረጋችሁት መጋላ መጋላ መሆኑ ይቀራል። ጨርቅ ነጋዴ ተቆጥቶ «ተነሺ አንቺ አርሶ አደር» ቢል አድማጭ በሳቅ ይሞታል፤ ያ የዜና አንባቢ አፍ ነው። ‹ገጠሬ› ብትሉም ያው ነው፤ ስድቡን ቀይራችሁት እንጂ አላወጣችሁትም። ‹ፋራ› ደግሞ ከናካቴው ሌላ ነገር ነው፤ እዚሁ ድሬ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ተወልዶ ያደገውም ፋራ ሊባል ይችላል፣ ከእርሻ ጋር ምንም አያገናኘውም።

አንድ ነገር ግን ቃል ለቃሚ ላይ ላርም። ‹አንቺ› ከፊቱ መምጣቱን እንደ ስድብ ምልክት አትቁጠሩት፤ ድሬና ሐረር እኮ ነው ያለነው። እዚህ ሽማግሌውም ‹አንተ› ነው፣ እናትየዋም ‹አንቺ› ናት፣ ‹እርስዎ› የሚለው እንግዳ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ጆሮ ‹አንቺ›ን ሲሰማ ንቀት ይመስለዋል፣ የድሬ ጆሮ አይሰማውም። ስለዚህ ንቀቱን ድምፁና ‹ተነሺ› የሚለው ትእዛዝ ይሸከሙት፤ ተዋናዩ ‹አንቺ› ላይ ከጮኸ የአገሩን ሰው አይመስልም።

ደግሞ ነጋዴው ለወተት ሻጯ በአማርኛ ብቻ መናገሩስ? መጋላ ውስጥ ኦሮምኛውም ሶማልኛውም አለ። ሶማሌው ‹ሬር ባዲዬ› ይላል፣ የገጠር ወገን ማለት ነው፤ ተቃራኒው ‹ሬር መጋል› ነው። እሱም በድምፅ አወጣጡ ወይ ፍቅር ነው ወይ ንቀት። ይህ ነገር የአማርኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ።

ጀጎል በር

ስለ ሁለተኛው ቃል ማንም ያልነካውን እኔ ልንካ። ቆቱን አውጡት።

ምክንያቱ ይህ ነው። በኦሮምኛ ‹ቆቱ› መቆፈር፣ ማረስ ነው፤ ግሡ ‹ቱ› ላይ አይጠብቅም። ስድቡ ግን ‹ት› ጠብቃ የምትነገረው ናት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ጽሑፉ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ደራሲህም «ገበሬ ማለት ነው» ያለው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። የሥሩን ትርጉም ይዞ የአጠቃቀሙን ትርጉም ትቶታል። የሐረር ከተማ ሰው ከጀጎል ግንብ ውጭ ያለውን ኦሮሞ ገበሬ በጅምላ የሚጠራበት ስም ነበር፣ አማርኛ ተናጋሪውም ተቀበለው። የከተማው ሰው ራሱን በሐረሪ ‹ጌይ ኡሱእ› ይላል፣ የከተማ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ‹ከተማ›፣ ሌላው ‹ቆፋሪ› ተባለ፤ በመካከላቸው አምስት በር ያለው ግንብ።

ከባላገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ባላገር ከየትኛውም ብሔር ሊሆን ይችላል፤ አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም። ቆቱ ግን ሥራን ጠርቶ ሕዝብን ነው የሚያመለክተው። የደራሲህን አረፍተ ነገር እየው፦ «ቆቱ እኮ እንዲህ ነው»። አንዲትን ሴት አይደለም የሚሰድበው፤ ‹እንዲህ ነው› ሲል አንድን ሕዝብ በሙሉ እየፈረደበት ነው። የሥራ ስም ወደ ሕዝብ ስም ሲያድግ እንዲህ ይሆናል። በሌላ አቅጣጫ ‹ነፍጠኛ›ም ያው መንገድ ነው የሄደው፤ ነፍጥ የያዘ ወታደር ማለት ነበር፣ ዛሬ በብዙ ሰው አፍ ብሔር መስደቢያ ነው። ቆፋሪውም ጠመንጃ ያዡም ከሥራቸው ተነቅለው ዘር ሆኑ።

ድሮ መጻሕፍት ውስጥ ታገኘዋለህ፣ እንዳያሳስትህ። የውጭ አገር ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የሐረርጌን ኦሮሞ ‹ቆቱ›፣ ቋንቋውንም ‹የቆቱ ኦሮምኛ› እያሉ ጽፈዋል። አሁን ‹የምሥራቅ ኦሮምኛ› ወይም ‹የሐረር ኦሮምኛ› ነው የሚባለው። የድሮ ሰነድ ስትተረጉም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ተወው፤ በራስህ ቃል ስትጽፍ ኦሮሞ፣ ወይም የጎሳውን ስም (አላ፣ ኖሌ፣ ጃርሶ) ጻፍ።

የአክብሮቱ ቃል ደግሞ ከዚያው ሥር መውጣቱ ነው የሚገርመው። በኦሮምኛ ገበሬ ‹ቆቴ ቡላ› ነው፤ አርሶ የሚያድር። አማርኛው ‹አርሶ አደር› ቁርጥ እሱን ይመስላል፣ ቃል በቃል አንድ ናቸው። ስለዚህ ማረስ አይደለም የሚያዋርደው።

ደቻቱ ማዶ

በዚህኛው ተረታሁ። እኔ የተከራከርኩት ለባላገር ነው፤ ቆቱ ይውጣ።

ሕግ ነክ

አዘጋጇ የምትፈራው ሕጉን ከሆነ ባጭሩ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን የሚተረጉመው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያስፋፋ ንግግር ብሎ ነው። የኑሮ ደረጃ ወይም የገጠር ሰው መሆን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ‹ባላገር› በዚህ ሕግ ዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ‹ቆቱ› ግን ብሔርን ስለሚነካ ሊታይ ይችላል። ሕጉ ለጥበብ ሥራ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ገጸ ባሕርይ ስድብ ስለተናገረ ብቻ ደራሲው ወንጀለኛ አይሆንም። ችግር የሚመጣው ያቺ አረፍተ ነገር ለብቻዋ ተቆርጣ ለማስታወቂያ ስትለቀቅ ነው። ያኔ ድራማው የለም፣ የተሰደበችው ሴትም የለችም፣ ስድቡ ብቻ ነው የሚዞረው። በብሮድካስት ወይም ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተላለፈ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ከፍ ይላል። የማስታወቂያ ቅንጭቡን የሚቆርጠው ሰው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ወስኑ።

ሕግ አለመከልከሉ ግን ‹ይባል› ማለት አይደለም። አጼ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ ባለ ሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ። ሐረርን የሚያውቅ ሰው ‹ቡዳ በር›ን ያስታውስ፤ በሐረሪ ‹በድሮ በሪ› የሚባለው በር በአማርኛ የምን ስም እንደወጣለት ልብ በሉ።

አራሚ

በጣም አመሰግናለሁ። ደራሲው ተስማምቶ እንዲህ አድርገነዋል፦

ነጋዴ፦ «ተነሺ ከዚህ! ባላገር፣ መንገዱን ዘጋሽው እኮ።»
ሴትየዋ፦ «ባላገር? ባለ አገር ማለትህ ከሆነ ልክ ነህ።»
ነጋዴ (ለጎረቤቱ)፦ «ምላስዋን አየኸው?»

ቆቱ ወጥቷል። ‹አንቺ›ንም አነሳነው። ሌላ የሚታይ ካለ?

ቃል ለቃሚ

ሁለተኛው መስመር ጥሩ ነው፣ ግን ሬዲዮ ላይ እንዳይጠፋ። ‹ባላገር› እና ‹ባለ አገር› ለጆሮ በጣም ይቀራረባሉ፤ ተዋናይዋ ፈጠን ካለች አድማጭ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ነው የሚሰማው። ‹ባለ› ላይ ጥቂት ቆማ ‹አገር›ን ለብቻ ታንሣው። ጽሑፉ ላይ «ባለ… አገር» ብለህ ነጥብ አድርግላት። ጽሑፉ በቪዲዮ ላይ ሲወጣ ደግሞ አራሚዎች ‹ባለ አገር›ን አንድ ላይ አጣብቀው ‹ባላገር› ያደርጉታል፤ ያኔ መልሱ ይሞታል። ቀይ ምልክት አድርግበት።

ጀጎል በር

አንድ ትንሽ ነገር። ወተት ሻጯ ለነጋዴው በአማርኛ እንዲህ ቀምራ ከመለሰች አማርኛዋ ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ የቃላት ጨዋታ ነው። ገና ከመጀመሪያው ትዕይንት ዋጋ ስትከራከር በአማርኛ አሰሟት። አለበለዚያ አድማጭ «ይቺ ሴት ይህን ከየት አመጣችው?» ይላል። አፏ ላይ ኦሮምኛ የተቀላቀለ አነጋገር ለማድረግ ካሰባችሁ ደግሞ እንዲያስቅ አታድርጉት፤ ቃሉን አውጥታችሁ ንቀቱን በአክሰንት መልሳችሁ እንዳታስገቡት።

ደቻቱ ማዶ

ወተቱም በጄሪካን ይሁን እንጂ በቅል አታድርጉት፤ ቅል ካደረጋችሁ ‹ባላገር› የሚላት ነጋዴው ሳይሆን እናንተ ናችሁ።