ሴስና 172 ቦሌ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ፣ ወይ ይንሳፈፋል ወይ ይነጥራል

የአዳማው በራሪ

ሰላም ናችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020 ነው የምጠቀመው፣ አውሮፕላኑ ሴስና 172 ጂ1000 (የስክሪን መለኪያ ሰሌዳ) ያለው ነው፣ ጆይስቲክ አለኝ ግን ፔዳል የለኝም ራደሩን (አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የጭራ ክፍል) ጆይስቲኩን በማጠማዘዝ ነው የማዘው። መነሳት፣ መዞር፣ ከፍታ መጠበቅ ምናምን ብዙ አያስቸግረኝም፣ ከቦሌ ተነስቼ ሀይቆቹን እያየሁ ቢሾፍቱ ደርሼ እመለሳለሁ። ሲያርፍ ነው ጉዱ። ራንዌዩ ላይ እደርስና አፍንጫውን ቀና ሳደርገው መሬት አልነካም ብሎ ዝም ብሎ ይሄዳል ይሄዳል፣ ግማሽ ራንዌይ ያልቃል፣ ከዛ ወደታች ልጫነው ስል በፊት ጎማው ይመታና ይነጥራል፣ ድጋሚ ይወርዳል ድጋሚ ይነጥራል። ሌላ ጊዜ ደሞ ገና ከፍ ብዬ እያለሁ ቀና አደርገውና ፍጥነቱ አልቆ ዱብ ይላል። ፍጥነቴ ፋይናል ላይ (ራንዌዩን ፊት ለፊት ይዤ ስወርድ) ከ75 እስከ 85 ኖት ነው፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ሙሉ። ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሁሉ ቀስ ብለህ ሳበው ነው የሚለው፣ መቼ እና ምን ያህል የሚለውን ነው ያጣሁት። አካዳሚ ገብቼ ፓይለት መሆን የልጅነት ህልሜ ስለሆነ በደንብ ገብቶኝ መማር ነው የምፈልገው፣ እባካችሁ በዝርዝር።

ትሪም_ጎማ

ወንድሜ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፣ 85 ኖት ይዘህ ነው የምትመጣው። 172ኤስ (ያንተው ሞዴል) ላይ በሙሉ ፍላፕ የማረፊያው ፍጥነት ከ60 እስከ 70 ነው፣ 65ን ያዝ። 85 ማለት ሙሉ ፍላፕ አውጥተህ ማለፍ የሌለብህ የመጨረሻው ገደብ ነው፣ ነጩ መስመር እዛ ነው የሚያልቀው። ያ ትርፍ ፍጥነት የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት፣ አንተ ጋ የሚያልቀው ራንዌዩ ላይ ተንሳፍፎ ነው። መሬት አጠገብ ደሞ ክንፉ ከስሩ ያለው አየር ስለሚያግዘው አየሩ የሚጎትተው ይቀንሳል፣ ይሄ የክንፉን ርዝመት ከሚያህል ከፍታ በታች ነው የሚጀምረው፣ 172 ላይ 11 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ እየወረድክ በሄድክ ቁጥር ይብሳል። ለዛ ነው አልወርድም የሚልህ። ወደታች መጫን ግን በፍጹም የለም፣ የፊት ጎማው ለመመታት የተሰራ አይደለም፣ እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ፕሮፔለር የሚመታውና የፊት እግር የሚሰበረው እንደዛ ነው።

እኔ እንዲህ ነው የምሰራው፦ ከራንዌዩ 1000 ጫማ ከፍ ብዬ በጎን ትይዩ እበራለሁ፣ የማርፍበት ጫፍ በክንፌ ትይዩ ሲሆን ትሮትሉን ወደ 1500 አርፒኤም አካባቢ አወርዳለሁ፣ ፍላፕ 10፣ 80 ኖት። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ስዞር ፍላፕ 20፣ 75። ራንዌዩን ፊት ለፊት ሳገኘው ፍላፕ 30፣ 65። ፍላፕ በቀየርክ ቁጥር ትሪም አድርግ፣ ጆይስቲኩን ብትለቀው እንኳን 65 ላይ የሚቆይ መሆን አለበት። እጅህ ሁልጊዜ እየገፋ ወይ እየሳበ ከሆነ ትሪም አላደረግክም ማለት ነው፣ ትሪም ሳታደርግ ደሞ ጥሩ ማረፍ አትጠብቅ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምንበት ነገር ይሄ ነው፣ ማረፍ የሚበላሸው ራንዌዩ ላይ ሳይሆን ከዛ በፊት ባለው ሁለት ደቂቃ ነው።

የድሬ_ሰማይ

ትሪም_ጎማ ያለው ልክ ነው ግን አንድ ነገር ዘሎታል፣ ልጁ እየተማረ ያለው ቦሌ ላይ ነው! ቦሌ ከባህር ጠለል ከ7600 ጫማ በላይ ነው፣ ጀማሪ ማረፍ የሚማርበት ቦታ አይደለም። እዛ አየሩ ስስ ነው፣ መለኪያህ 65 ሲያሳይህ አውሮፕላኑ በእውነት አየሩን እየቀደደ ያለው ወደ 75 ኖት ነው። ከዛ ደሞ ሞተሩ 180 የፈረስ ጉልበት የሚባለው ባህር ጠለል ላይ ነው፣ ቦሌ ላይ ከዛ ሩብ ያህሉ የለም። ራንዌዩም ለትልልቅ ጄት የተሰራ ስለሆነ በጣም ሰፊ ነው፣ ሰፊ ራንዌይ አይንን ያታልላል፣ ገና ከፍ ብለህ ሳለ መሬት የደረስክ ይመስልሃል። ገና ከፍ ብዬ እያለሁ ቀና አደርገዋለሁ ያልከው አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

ምክሬ፣ ለጊዜው ቦሌን ተወው። ጋምቤላ ሂድ፣ ከፍታው ወደ 1600 ጫማ ነው፣ ዙሪያው ሜዳ ነው። ወይ ድሬዳዋ ና፣ 3800 ጫማ አካባቢ ነው፣ ተራራ በአንድ በኩል አለ እንጂ ለመለማመድ ጥሩ ነው። ንፋሱን ዜሮ አድርግ፣ ሰማዩን ጥርት ያለ አድርግ፣ ጠዋት አድርገው። እጅህ ሲለምድ ባህር ዳርን ሞክር፣ እሱ 6000 ገደማ ነው፣ ከዛ በኋላ ቦሌ።

የአዳማው በራሪ

ሁለታችሁም አመሰግናለሁ በጣም። የድሬ_ሰማይ አንድ ያልገባኝ፣ መለኪያው 65 ካለ እንዴት 75 ይሆናል? ታዲያ ቦሌ ላይ ፍጥነቴን መቀነስ አለብኝ ማለት ነው?

የድሬ_ሰማይ

አይ አይ እንዳትቀንስ፣ እሱ ነው አደገኛው! መለኪያው የሚለካው ፍጥነትን በቀጥታ ሳይሆን አየሩ ቱቦው ውስጥ ገብቶ የሚገፋውን ግፊት ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያንኑ ግፊት ለማግኘት በበለጠ ፍጥነት መሄድ ይኖርብሃል። ክንፉም የሚሸከመው በዛው ግፊት ስለሆነ ክንፉ የሚያውቀው መለኪያው ላይ ያለውን ቁጥር ነው፣ ስቶል የሚያደርገውም (መሸከም የሚያቅተው) ጋምቤላም ሆነ ቦሌ በዛው ቁጥር ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ 65 ትበራለህ። የሚቀየረው መሬቱ ከስርህ የሚሮጥበት ፍጥነት ነው። ጂ1000 ካለህ ማየት ትችላለህ፣ ከፍጥነቱ ቴፕ ስር ታስ የሚል ቁጥር አለ እሱ እውነተኛው ነው፣ ላይ ደሞ ጂኤስ የሚለው የመሬት ፍጥነትህ ነው። ቦሌ ላይ አንዴ ሶስቱንም አወዳድራቸው።

ጉልበቱ ደሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፣ ከ65 ወደ 75 ማለት ሲሶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ነው፣ ራንዌዩም በዛው ልክ ይረዝምብሃል። አንተ ደሞ በ85 ነበር የምትመጣው፣ እሱ ቦሌ ላይ ወደ 98 መሆኑ ነው። ታዲያ እንዴት አይንሳፈፍ። ሌላ፣ ሶስት ዲግሪ መውረጃ ይዘህ ለመውረድ የመሬት ፍጥነትህን በ5 አባዛው፣ ጋምቤላ 65 በ5 ሲባል በደቂቃ 325 ጫማ፣ ቦሌ 75 በ5 ሲባል 375 ጫማ። የራንዌዩ ጎን ያሉትን አራት መብራቶች እያቸው፣ ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ከሆነ መስመርህ ላይ ነህ፣ ሁሉም ነጭ ከሆነ ከፍ ብለሃል፣ ሁሉም ቀይ ከሆነ በጣም ወርደሃል።

ሮማን_ጂ

እኔ ደሞ ሴቲንጉን ልበል፣ ማንም ስላልነካው። ጀማሪ ጆይስቲክ ላይ ትንሽ ስትስበው አፍንጫው ብድግ የሚለው ሴንሲቲቪቲው እንደመጣ ስለተተወ ነው። ኮንትሮልስ ውስጥ ግባና የፒቹን (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘውን) ከርቭ ወደ ኔጌቲቭ ውሰደው፣ መሀሉ ላይ ለስላሳ ይሆናል። መሀሉ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዴድ ዞን (መሀሉ ላይ ጆይስቲኩ የማይሰማበትን ቦታ) ትንሽ ጨምር ግን አታብዛው፣ ካበዛኸው ፍሌር ላይ (ልታርፍ ስትል አፍንጫውን ቀና ስታደርግ) መጀመሪያ ምንም አይሰማም ከዛ በአንዴ ይስባል። አሲስታንስ ውስጥ ገብተህ ማሳረፍ የሚያግዘውንና አውቶ ራደሩን አጥፋ፣ አንተ የምታደርገውና ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ይጋጫል፣ ምን እንደሰራህም አታውቅም። ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) ግን ለጊዜው አውቶ ላይ ተወው፣ ቦሌ ላይ ራስህ ማስተካከል ስትጀምር እስከ መጨረሻ የተገፋ ሚክስቸር ሞተሩን ነዳጅ ያበዛበትና ጉልበት ይነሳዋል።

ካሜራውም አለ። ወንበሩ ዝቅ ካለ ዳሽቦርዱ ራንዌዩን ይሸፍንብሃል፣ ከፍ አድርገው፣ የራንዌዩ መጨረሻ አፍንጫው ቀና ሲልም መታየት አለበት። ላፕቶፕህ ፍሬም የሚጥል ከሆነ ደሞ ግራፊክሱን ቀንስ፣ ማረፍ ላይ ምስሉ እየቆራረጠ እጅህን ማስተካከል አይቻልም። ማሽናቸው ይሄን ጌም ለማይችል ሌሎች አንባቢዎች፣ ፍላይትጊር ነጻ ነው፣ ደካማ ኮምፒውተር ላይም ይሰራል፣ 172 አለው፣ ማረፍ ለመማር ከበቂ በላይ ነው።

ጋሼ_ማናሳስ

ልጆች ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፣ ማናሳስ ከሚባለው ትንሽ ኤርፖርት በእውነተኛው 172 ተምሬ ነው ላይሰንስ ያወጣሁት፣ ክረምቱ በረራ ሲከለክለኝ ሲሙሌተር ላይ እቀመጣለሁ። ስለ ፍጥነቱ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ መቼ እና ምን ያህል ያልከው ላይ ልመልስልህ የኔ ልጅ፣ ምክንያቱም ሁሉም ተማሪ የሚቸገረው እዛ ላይ ነው።

ፋይናል ላይ አንድ ነጥብ ምረጥ፣ ለምሳሌ የራንዌዩን ቁጥር። መስታወቱ ላይ ያ ነጥብ ከቦታው ካልተነቃነቀ የምትሄደው እዛ ነው። ወደ ላይ እየወጣ ከሄደ ሳትደርስበት ልትወድቅ ነው፣ ወደ ታች እየወረደ ከሄደ ልታልፈው ነው። በትሮትል አስተካክለው፣ በአፍንጫው ፍጥነቱን ያዝ። ከ10 እስከ 15 ጫማ ስትደርስ፣ ይሄ የአንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ያህል ነው፣ አይንህን ከነጥቡ አንሳና የራንዌዩ መጨረሻ ላይ አድርገው። ይሄን በደንብ ያዝልኝ። ቅርብ ካየህ መሬቱ ይሮጥብሃል፣ ትደነግጣለህ፣ በአንዴ ትስበዋለህ። ሩቅ ስታይ ግን የራንዌዩ ሁለት ጠርዞች በግራና በቀኝ እየተከፈቱና ከፍ እያሉ ሲመጡ ከፍታህን ይነግሩሃል። ያኔ ትሮትሉን ቀስ ብለህ ዝጋ፣ አፍንጫውን መጀመሪያ ከመውረድ ወደ አግድም ብቻ አምጣው፣ ገና ቀና አታድርገው። አውሮፕላኑ መስመጥ ሲጀምር ትንሽ ሳብ፣ ድጋሚ ሲሰምጥ ትንሽ ሳብ። እንዳያርፍ እየከለከልከው ነው ማለት ነው፣ እሱ ደሞ ፍጥነቱ ሲያልቅ በራሱ ጊዜ በኋላ ጎማዎቹ ይቀመጣል፣ የስቶል ማስጠንቀቂያው ጡሩምባ አብሮ ሲጮህ ከሰማህ ጥሩ አርፈሃል። ከነካ በኋላም መሳቡን አትልቀቅ፣ የፊት ጎማው በራሱ ይውረድ።

ሲሙሌተር ላይ የሚጎድል ነገር አለ፣ በእውነተኛው አውሮፕላን መስመጡን ወንበርህ ላይ በሰውነትህ ነው የምትሰማው፣ ስክሪን ላይ በአይንህ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲሙሌተር ላይ ማረፍ በዚህ በኩል ይከብዳል፣ ተስፋ አትቁረጥ።

ከነጠረ ደሞ ከአውሮፕላኑ ጋር አትታገል። ትንሽ ከሆነ አፍንጫውን እንዳለ ያዝ፣ ትንሽ ትሮትል ጨምር፣ ይቀመጣል። ትልቅ ከሆነ ሙሉ ትሮትል፣ ፍላፕ ወዲያው ወደ 20፣ 60 ኖት ይዘህ ውጣ፣ ከዛ 10፣ ከፍታ ስታገኝና 65 ሲሞላ ዜሮ። ፍላፑን በአንዴ ዜሮ እንዳታደርገው፣ ይሰምጣል። ተመልሶ መዞር ውድቀት አይደለም፣ የኔ አስተማሪ ጥሩ ጎ አራውንድ ያደረግኩ ቀን ነበር ከሁሉም በላይ የሚደሰተው።

ትሪም_ጎማ

ጋሼ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም፣ ትሮትሉን 15 ጫማ ላይ መዝጋት ቦሌ ላይ ለጀማሪ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሙሉ ፍላፕ ሆኖ ፍጥነቱ ቶሎ ነው የሚሞተው፣ እኔ አፍንጫውን አግድም ካመጣሁት በኋላ ነው የምዘጋው።

ጋሼ_ማናሳስ

ይሁን፣ 65 ላይ ትክክል ከመጣ ሁለቱም ያስኬዳል። ፍጥነቱ 60 ላይ ወርዶ የመጣ ልጅ ግን የአንተን ቢከተል ይሻለዋል። ፍጥነቱ ከበዛ ደሞ ቶሎ ይዝጋ። አንድ ጊዜ ያንተን አንድ ጊዜ የኔን ይሞክርና ልዩነቱን ራሱ ይየው።

የአዳማው በራሪ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎት። ሁላችሁም። ቅዳሜና እሁድ ድሬዳዋ ላይ ስለማመድ ነበር፣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። 65 ላይ ትሪም አድርጌ ስመጣ መንሳፈፉ ቀረ ማለት ይቻላል፣ መጨረሻውን ማየቱ ደሞ ከፍ ብዬ ቀና ማድረጌን አስቀረው፣ ጡሩምባውንም ሰማሁት። ሮማን ከርቩን ቀየርኩት፣ ያንቺ ምክር ባይኖር እጄ እስካሁን ይዘል ነበር። አሁን ንፋስ ማስገባት ጀምሬ 8 ኖት ከግራ ሳደርግ ልክ ሊነካ ሲል ወደ ቀኝ ይወስደኛል፣ አፍንጫውም ከራንዌዩ ጋር አልስማማ ይለኛል። እሱን እንዴት ነው?

የድሬ_ሰማይ

እሰይ! ንፋሱ ከግራ ከሆነ ፋይናል ላይ አፍንጫውን ትንሽ ወደ ግራ አድርገህ እንደ ሸርጣን በጎን እየሄድክ መሀሉን ያዝ፣ ክንፎቹ ቀጥ ይበሉ። ፍሌር ስትጀምር በቀኝ ራደር አፍንጫውን ከመሀል መስመሩ ጋር አስተካክል፣ በዛው ቅጽበት ጆይስቲኩን ወደ ግራ አዘንብል፣ ወደ ቀኝ መወሰድህን የሚያቆመው እሱ ነው። ራደር ለአፍንጫው፣ ክንፍ ለመንሸራተቱ። መጀመሪያ የግራው የኋላ ጎማ ብቻ ቢነካ ልክ ነው፣ ካረፍክ በኋላም ጆይስቲኩን አትልቀቀው ወደ ግራ እየጨመርክ ሂድ፣ ፍጥነቱ ሲያልቅ ንፋሱ ክንፉን የሚያነሳው ያኔ ነው። አንተ ጆይስቲኩን እያጠማዘዝክ ስለሆነ ሁለቱን በአንዴ ማድረጉ መጀመሪያ ያምታታሃል፣ ስለዚህ በ4 ኖት ጀምርና ጨምር። ለ172 አምራቹ የሞከረው ከጎን የሚመጣ ንፋስ 15 ኖት ነው፣ ወደዛ ለመድረስ አትቸኩል። 8ን ድሬዳዋ ላይ ስትጨርስ ባህር ዳርን በ5 ኖት ሞክረውና እንዴት እንደሆነ እዚሁ ጻፍልን፣ የጣና ዳር አቀራረቡ ላይ የምነግርህ አለኝ።