ሳሙራዬ ላይ መጀመሪያ ምን ልቀይር? ሎከር ወይስ ማርሽ?

ሳሙራይ ዘፒያሳ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ የለቀቀልኝ አንድ ሱዙኪ ሳሙራይ አለችኝ። 1.3 ሞተር፣ ካርቡሬተር፣ ባለ 5 ማርሽ። የምኖረው ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራዋ የፒያሳንና የአራት ኪሎን ዳገት መውጣትና መውረድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ከከተማ እንወጣለን።

ባለፈው ሐምሌ መንዝ ጓሳ ሄድን። አንዲት ጅረት ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ተያዝን። አንድ የኋላ ጎማና አንድ የፊት ጎማ ጭቃውን እየረጩ ይሽከረከራሉ። ሁለቱ ደህና መሬት የያዙት ደግሞ ዝም። ፎር ሎው (አራቱም ጎማ በቀርፋፋው ማርሽ የሚገፉበት) ገብቷል እኮ! ፍሪሲዮኗን እያሸተትኩ ግማሽ ሰዓት ታገልኩ። በመጨረሻ ያወጡን የአንድ አባት ጥንድ በሬዎች ናቸው። ብር ስሰጣቸው አልቀበልም አሉ። «ሁለተኛ ስትመጡ በሬ ይዛችሁ ኑ» ብለው ሳቁብን። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ «በሬዎቹ ደህና ናቸው?» ይሉኛል።

ጎማውን አምና ከ205/70 ወደ 235/75 ቀይሬዋለሁ፣ ቸርኬው ያው 15 ነው። ከዚያ ወዲህ አምስተኛ ማርሽ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል። አሁን 150 ሺህ ብር ገደማ አጠራቅሜያለሁ። ለኋላው ሎከር (ግራና ቀኝ ጎማውን እኩል እንዲዞሩ የሚያስር) ልግዛ? ለፊቱም ሎከር ጨምሬ ልጠብቅ? ወይስ የትራንስፈሩን (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ሳጥን) ማርሽ ልቀይር? አንድ መካኒክ ደግሞ «ሎከር ምን ያደርግልሃል፣ ዲፈረንሻሉን በየድ አድርጌ በሁለት ሰዓት እሰጥሃለሁ» አለኝ፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ማለቱ ነው። በርካሽ መሆኑ አጓጉቶኛል፣ አልዋሽም።

ጭቃ አይፈሬ፦

ሎከር! ሌላው ወሬ ነው። የኋላውን ብቻ ብታስገባ እነዚያ በሬዎች ሥራ ይፈቱ ነበር።

ጋሽ ኩሽኔታ፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሎከር የሚለውን ደጋግመህ ጽፈሃል። ዘይት የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም።

ጅረት ተሻገርን ብለሃል። ከዚያ ወዲህ የዲፈረንሻሉን የዘይት መሙያ ብሎን ፈትተህ አይተሃል? ፍታና ጣትህን አስገባ። ዘይቱ ማር ቢመስል ወይም ቢጠቁር ግድ የለም። ማኪያቶ ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል፣ ኩሽኔታው እየተበላ ነው። እዚያ ውስጥ ሎከር መክተት በጠና በታመመ ሰው ላይ አዲስ ሱፍ ማልበስ ነው። ትራንስፈሩንና ካምቢዮውንም (የማርሽ ሳጥኑን) እንዲሁ እይ።

ቀጥለህ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍና ሥር ግባ። የሳሙራይ ትራንስፈር ከካምቢዮው ጋር አልተጣበቀም፣ ለብቻው በሦስት ላስቲክ ተይዞ ነው የተንጠለጠለው። በመሀል አንዲት አጭር ዘንግ አለች። እሷን በእጅህ ወዲህ ወዲያ አዙራት። ክሮቼራው (የዘንጉ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ጋ «ቋ» የሚል ነገር ከሰማህ አልቋል። ላስቲኮቹንም በብረት ገፋ አድርገህ እይ፣ ከተሰነጣጠቁ ስትነዳ መኪናዋ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ በእነሱ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ሶማሌ ተራ ታገኘዋለህ። አሮጌ ክሮቼራ ግን እንዳትገዛ፣ ያንተኑ ነው በቀለም አሳምረው የሚሰጡህ።

አሁን ወደ ዋናው። ያቺ ሞተር ስትወለድ 64 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበራት፣ እሱም በባሕር ወለል ላይ። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ሲጨምር አየር ያጥረዋል። በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛውን ያህል ጉልበት ይሄዳል በለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ገና ከቤትህ ሳትወጣ ሩብ ሊጠጋ ቀንሷል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስትደርስ ሲሶው የለም። በዚህ ላይ ጎማህ ከ67 ሳንቲ ሜትር ወደ 73 አድጓል፣ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ማርሽህ ሁሉ በዚያው ልክ ከብዷል። ፍሪሲዮኑ የሸተተው ለዚህ ነው። መኪናዋ ቀስ ብላ መሄድ ስላልቻለች አንተ በፍሪሲዮን እያንሸራተትክ ቀስ አስባልካት።

የሳሙራይ አንደኛ ማርሽ ሬሾ 3.65 ነው፣ የትራንስፈሩ ሎው 2.27፣ ዲፈረንሻሉ 3.73። አባዛው፣ 31 ገደማ ይመጣል፤ ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ 31 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ለዚህ መኪና የሚሸጥ 4.16 የሚባል የትራንስፈር ማርሽ አለ። እሱን ስታስገባ 31 የነበረው 57 ገደማ ይሆናል። ድንጋይ ላይ ፍሪሲዮን ሳትነካ በእግር መንገደኛ ፍጥነት ትሄዳለህ። ሃዩም (የአስፋልቱ ማርሽ) በ12 በመቶ ገደማ ይቀልልሃል፣ ጎማው የወሰደብህን መለሰልህ ማለት ነው። አምስተኛ ማርሽህ ከጌጥነት ይወጣል።

አንዳንዱ «ዲፈረንሻሉን ቀይር» ይልሃል። የፊቱና የኋላው አንድ ዓይነት ካልሆኑ ፎር ዊል ስታስገባ ይጣላሉ፣ የሆነ ነገር ይሰበራል። ስለዚህ ሁለቱንም መክፈት ሊኖርብህ ነው። ትራንስፈሩ ግን አንድ ሳጥን ነው፣ ለሁለቱም ይሠራል። አሮጌ ዲፈረንሻል ልግዛ ካልክ እንኳ ሻጩን አትመን። አንዱን ጎማ አስይዘህ ሌላውን ሁለት ዙር አዙርና ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠር። ወደ አራት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ካቆመ ያንተ ዓይነት ነው።

ሎከሩ ከዚያ በኋላ፣ ከኋላ ብቻ። የፊቱን ተወው። መሪ ጠምዝዘህ ነዳጅ ስትረግጥ ሁሉም ኃይል የፊት ሲቪ ጆይንቱ (የሚታጠፈውን ጎማ የሚያዞረው መገጣጠሚያ) ላይ ይወርዳል፣ የሳሙራይ ደግሞ ቀጭን ነው። ዋጋ አልነግርህም። ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚመነዘር የዛሬ ዋጋ ነገ አይሠራም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ ማርሹን በሻንጣ አስመጣ፣ ያን ያህል ቦታ አይወስድም።

የቪታራዋ፦

ስለ ብየዳው እኔ ልናገር፣ ሞክሬዋለሁና። የኋላውን አስበየድኩት። ጭቃ ላይ አንበሳ ሆነች። ሰኞ ጠዋት አራት ኪሎ አደባባይ ላይ ስዞር ግን ጎማው ጮኸ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ዞሮ አየኝ። በመታጠፊያ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መዞር አለበት፣ የተበየደ ግን ሁለቱን እኩል ነው የሚያዞራቸው። በዝናብ አስፋልቱ ሲያሙለጨልጭ ጭራዋ ይወጣል። በአራት ወር ሁለት ጎማ በላሁ። ጎሚስታዬ ብቻ ነው የተደሰተው። ከተማ ውስጥ በየቀኑ ለምትነዳት መኪና እንዳትሞክረው።

ጭቃ አይፈሬ፦

እሺ፣ ጋሽ ኩሽኔታ አሸነፉኝ። ግን የኋላው ሎከር ሁለተኛ ነው ብለዋል አይደል? ይመዝገብልኝ።

ሳሙራይ ዘፒያሳ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የቪታራዋም እህቴ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሥር ገባሁ። የፊቱ ዲፈረንሻል ዘይት ማር ነው። የኋላው ማኪያቶ፣ ያውም ወተቱ የበዛ። ክሮቼራውም «ቋ» አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሶማሌ ተራ ነኝ፣ አዲስ ክሮቼራ፣ ሦስቱን ላስቲክ፣ ዘይትና የዘይት መከላከያ ጎሚኒ ለመግዛት። ለትራንስፈር ማርሹ ዱባይ ያለች የአክስቴን ልጅ ላስቸግራት ነው። «መኪና በሻንጣ አምጪልኝ እያልከኝ ነው?» ብላለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ጋሼ፦ ውሃው የገባው በየት ይሆን? መተንፈሻው ቱቦ ጫፉ ተቆርጧል፣ እሱ ይሆን?

ጋሽ ኩሽኔታ፦

እሱ ነው። የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይስባል። ረጅም ጎማ ቱቦ ግዛና ጫፉን ሞተሩ ክፍል ድረስ አምጣው፣ ከፍ አድርገህ እሰረው። የፊቱንም አብረህ ሥራ። ብዙ ብር አይወስድብህም።