የአልጋ ቁስል ሌሊት እያሸነፈን ነው፤ ምን እናድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ራሳቸውን መገላበጥ የማይችሉ 4 አረጋውያን አሉን። ቀን በየ2 ሰዓቱ እናገላብጣለን፤ ጀርባቸውን በትራስ ደግፈን ወደ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብለን። ተረከዝ ፍራሹን እንዳይነካ ትራሱን ከባት ሥር እናስገባለን፤ ከራሱ ከተረከዙ ሥር ከገባማ ጫናው እዚያው ነው።

ችግሩ ሌሊት ነው። ተረኛዋ አንድ ብቻ ናት። ለማንሳት ደግሞ አንሶላውን ከግራና ከቀኝ የሚይዙ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ብቻዋን ስትጎትት ቆዳው ይፋተጋል።

አሁን አንዲት እናት ጭራ አጥንታቸው ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ሞቆ ጠጥሯል። ቆዳው አልተላጠም። ጠቆር ያሉ ስለሆኑ መቅላቱ አይታይም፤ በእጃችን ጀርባ ዳስሰን ነው ያወቅነው። እሹት የሚሉን አሉ፤ አናሽም፣ ከሥር ያለውን ሥጋ ይጎዳል።

ሌላው ፕላስቲኩ ነው። በሚያዝያ ሙቀት ፍራሹን በፕላስቲክ ከሸፈንን ላብ ይጠራቀማል፣ ካነሳነው ስፖንጁ ሽንት ይጠጣል። ቫዝሊን እንቀባለን፣ ግን እርጥበቱን አልቻለውም።

አንድ ተረኛ ብቻዋን ያለመጎተት የምታገላብጥበት ዘዴ ምንድን ነው? ከፕላስቲክ ይልቅስ ምን እናንጥፍ? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልን።